«እኩል ተካፈሉ» ማለት ምኑን?

በአገራችን ስለ ፍቺ ሲወራ «እኩል ተካፈሉ» የሚለው ቃል ችግሩን ሁሉ የሚጨርሰው ይመስላል። እኔ ግን እጠይቃለሁ፤ ለመሆኑ ምኑን ነው የሚካፈሉት? ቤቱ የኪራይ፣ ደሞዙ ከወር ወር የማያደርስ፣ ቁጠባ የሚባል ነገር የሌለበት ትዳር ሲፈርስ፣ ሃያ ዓመት ልጅ ስታሳድግና አማት ስታስታምም የኖረች ሴት የሚደርሳት የአልጋና የቁም ሳጥን እኩሌታ ነው። ላም አለኝ በሰማይ ይሏል ይህ ነው። ባልየው በበኩሉ ደሞዙን፣ የሥራ ልምዱንና ነገ የሚያገኘውን ዕድገት ይዞ ይወጣል። ይኼ በእኩሌታው ውስጥ አልተቆጠረም!

ሕጉን እንይ። በአዲስ አበባና በድሬዳዋ የሚሠራበት የተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ (አዋጅ ቁጥር 213/1992) የሚመሰገንበት ብዙ ነገር አለው። የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ ባልን የቤተሰቡ አለቃ አድርጎት ነበር፤ ይህ ቀርቷል። የፍቺ ውሳኔም ከቤተ ዘመድ ሽማግሌዎች እጅ ወጥቶ ለፍርድ ቤት ተሰጥቷል። እሰየው! አንቀጽ 82 ደግሞ የፍቺ አቤቱታ እንደቀረበ ፍርድ ቤቱ ስለ ባልና ሚስቱ መተዳደሪያ፣ ስለ ልጆቹ አጠባበቅና ቀለብ፣ ስለ ንብረቱም አስተዳደር ወዲያውኑ ትእዛዝ እንዲሰጥ ያዛል። የማታውቅ ካለች ትወቅ፤ ፍርዱ እስኪሰጥ በባዶ ሆድ የመጠበቅ ግዴታ የለባትም።

ጣጣው የሚመጣው ከፍርዱ በኋላ ነው። ፍቺው ሲወሰን የባልና ሚስት የመደጋገፍ ግዴታ ያበቃል። የልጆች ቀለብ ይቀጥላል፤ ለእናታቸው ግን ሕጉ የጻፈላት ተቆራጭ የለም። እርግጥ አንቀጽ 84 ፍትሕ ሲያስገድድ ለፍቺው ጥፋተኛ የሆነው ወገን ለሌላው ካሳ እንዲከፍል ይፈቅዳል። ካሳ ግን የጥፋት ዋጋ እንጂ የድካም ዋጋ አይደለም። ጥፋተኛ ያልተገኘ እንደሆነስ? ሃያውን ዓመት ማን ይከፍላል?

የልጆቹስ ቀለብ ቢሆን? መጠኑ የሚወሰነው የጠያቂውን ችግርና የሰጪውን አቅም በማየት ነው። ኑሮ ሲለወጥ ከሁለቱ ወገን ማንኛውም «ይሻሻል» ብሎ መጠየቅ ይችላል። ሥራ ያጣ አባት «ይቀነስልኝ» ማለት መብቱ ነው፤ ድምፅ አጥፍቶ መሰወር ግን መብት አይደለም። በወረቀት ላይ ይህ ሁሉ ያምራል። በኑሮ ላይስ? ሐምሌ 2016 ዓ.ም. የብር ምንዛሪ ለገበያ ሲለቀቅ፣ በባንክ 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር በጥቂት ሳምንታት ውስጥ 100 ብር አለፈ። ከዚያ በፊት ቀለቡ በቁርጥ ብር የተወሰነላት እናት፣ ካልተሻሻለላት ያችኑ ብር ይዛ ነው ገበያ የምትወጣው። ጤፍ ሻጩ እንደሆነ የፍርድ ቤት ውሳኔ አያነብ! ይሻሻልልኝ ካለችም እንደገና አቤቱታ ማጻፍ፣ መጥሪያ ማድረስ፣ ለቀጠሮ መመላለስ፣ የቀድሞ ባሏ አዲስ ደሞዝ ስንት እንደሆነ ማስረዳት ይጠብቃታል። ይህም ከሥራ ቀርታ፣ ልጇን ለጎረቤት ሰጥታ ነው።

«ከተፋቱ ወዲያ ደግሞ የምን ጡረታ ነው?» የሚሉ አይጠፉም። ኧረ ጡረታ ማን አለ? እኔ የምለው፣ ለቤቷና ለልጆቿ ስትል ትምህርቷን ወይም ሥራዋን የተወች ሰው ራሷን እስክትችል ድረስ፣ ጊዜው የታወቀ ድጋፍ ይቆረጥላት ነው። ቤት የዋለው ወንድ ከሆነም ለእሱ እንደዚያው። ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 34 ወንድና ሴት በፍቺም ጊዜ እኩል መብት አላቸው ብሏል። አንዱ ደሞዙን፣ ሌላዋ ባዶ እጇን ይዛ ስትወጣ እኩልነቱ ወዴት አለ?

ስለዚህ ምክር ቤቱ የቤተሰብ ሕጉን እንደገና ያንሳውና ይህን ክፍተት ይድፈነው። ዳኞችም ሕጉ እስኪሻሻል እጃቸውን አጣጥፈው አይጠብቁ። የልጅ ቀለብ ሲወስኑ በቁርጥ ብር ከሚሆን ከደሞዙ በመቶኛ ያድርጉት፤ ደሞዝ ሲያድግ ቀለቡም አብሮ ይደግ። አባትየው ተቀጣሪ ከሆነ ገንዘቡ ከመሥሪያ ቤቱ በቀጥታ ተቆርጦ ይላክ። የማሻሻያ አቤቱታም በረጅም ቀጠሮ አይንገላታ። ልጅ ቀጠሮ አይበላም!