ወንዝ የሠራው እርከን ይጠበቅ፤ ስለ ደባርቅና ዳባት የወንዝ ዳር ሣር ሜዳዎች

ስለ አፈር መከላት በተነሣ ቁጥር የሁላችንም ዓይን ወደ ተራራው ይሄዳል። እርከን የሚሠራው በተዳፋቱ ላይ፣ ችግኝ የሚተከለው በተራቆተው ጉብታ ላይ፣ ስብሰባ የሚጠራውም ስለዚያው ነው። ይህ ስሕተት አይደለም። ነገር ግን ከስሜን ተራሮች ግርጌ፣ በደባርቅና በዳባት እንዲሁም በወገራ ደጋ፣ ከጅረቶች ግራና ቀኝ የተዘረጉት ለጥ ያሉ ሣር ሜዳዎች ተረስተዋል። ሜዳ ናቸውና አይሸረሸሩም ተብሎ ይታሰባል። በእኛ አስተያየት ግን በአካባቢው ካለው አፈር ሁሉ፣ አንድ ጊዜ ከተከፈተ በኋላ ለመመለስ እጅግ የሚያስቸግረው ይኸው የሜዳ አፈር ነው። ይህን ጽሑፍ ያዘጋጀነው ሜዳዎቹ ለምን መጠበቅ እንዳለባቸው፣ የትኛው ክፍላቸው ሊታረስ እንደሚችልና የትኛው ፈጽሞ ማረሻ ሊደርሰው እንደማይገባ ለገበሬዎችና ለልማት ሠራተኞች ለማስረዳት ነው።

አፈሩ ከየት መጣ?

ሰው እርከን መሥራት ከመጀመሩ በፊት ወንዝ እርከን ሠርቷል። ጅረት በክረምት ሞልቶ ከአልጋው ሲወጣ የተሸከመውን ሁሉ እንደየክብደቱ ያስቀምጣል። ጠጠሩና አሸዋው ከአፋፉ አጠገብ ይቀራል፤ ደቃቁ ደለል በሜዳው ላይ ይሰፍራል፤ ከሁሉ የደቀቀው ሸክላ ደግሞ ውሃው ፀጥ ብሎ በሚተኛበት ረግረግ ይዘቅጣል። ይህ በየክረምቱ ሲደራረብ ይኖርና፣ በኋላ ጅረቱ አልጋውን እየቆረጠ ዝቅ ሲል የቀድሞው የጎርፍ ሜዳ ከውሃው በላይ ደርቆ ይቀራል። ያን ጊዜ ሜዳው የወንዝ እርከን ሆነ እንላለን። ጅረቱ ደጋግሞ ዝቅ ባለበት ቦታ ሁለትና ሦስት እርከኖች እንደ ደረጃ ተከታትለው ይታያሉ።

ደለሉ የወረደው ከላይ ካለው ተራራ ነው። የስሜን ተራሮች በጥንት ዘመን በእሳተ ገሞራ የተከመሩ የባሳልት ዐለቶች ናቸው። ባሳልት ሲበሰብስ ለሰብል የሚጠቅሙ እንደ ካልሲየምና ማግኒዥየም ያሉ ንጥረ ነገሮችን ይለቃል። በበረዶ ዘመን ከፍተኛዎቹ ጫፎች ግግር በረዶ እንደነበረባቸው ምልክቱ ዛሬም በራስ ደጀንና በቧሂት ይታያል። ውርጭ ዐለቱን እየሰነጠቀ ያደቀቀው፣ ጎርፍም ያወረደው ሁሉ ከግርጌው ባሉት ሸለቆዎች ተቀምጧል።

በዚህ ደለል ላይ ሰርዶ፣ ማጌት፣ አክርማና ቄጠማ በቀሉበት። የሣር ሥር በየዓመቱ ከፊሉ ይሞታል፤ በስብሶም አፈሩን ያጠቁረዋል። ማጌት ደግሞ እንደ ባቄላና እንደ አተር ሁሉ ናይትሮጅን ከአየር ወስዶ ለአፈሩ ያስረክባል። ዛሬ የምናየው ጥልቅና ጥቁር የሜዳ አፈር የተሠራው ተራራ፣ ወንዝና ሣር ለብዙ ሺህ ዓመታት ተባብረው ነው።

ይህ አፈር ጥቁር ቢሆንም ዋልካ አይደለም። ዋልካ ሲደርቅ በሰፊው ይሰነጠቃል፤ ሲርስም እንደ ሙጫ ይጣበቃል። የወንዝ ዳር ደለል ግን ርሶ በጣት ሲታሽ እንደ ሳሙና ይልማል፣ ብዙም አይጣበቅም፤ ደርቆ ሲታሽ ደግሞ እንደ ዱቄት ጣት ላይ ይቀራል። የልማት ሠራተኛ ይህን ልዩነት በእጁ ዳስሶ ሳይለይ ምክር ባይሰጥ ይመረጣል። ለዋልካ የሚስማማው የማጠንፈፊያ ቦይ በደለል ላይ ሲቆፈር በጥቂት ክረምት ቦረቦር ይሆናልና።

ጥንካሬውም ድክመቱም ከደለሉ ነው

የደለል ቅንጣት መጠኑ ከአንድ ሚሊ ሜትር ሺህ እጅ ከ2 እስከ 50 ያህል ነው። ከአሸዋ ስለሚያንስ ውሃ በቅንጣቶቹ መካከል ይያዛል፤ ከሸክላ ስለሚበልጥ ደግሞ የተያዘውን ውሃ ለሥር አይነፍግም። በዚህም ምክንያት እንዲህ ያለ አፈር በአንድ ሜትር ጥልቀት ውስጥ ከ150 እስከ 200 ሚሊ ሜትር የሚደርስ ተክል ሊጠቀምበት የሚችል ውሃ ይይዛል። ተዳፋቱ በኅዳር ሲደርቅ ሜዳው አረንጓዴ ሆኖ የሚቆየው፣ ጅረቱም በበጋ ጨርሶ የማይነጥፈው በዚህ ነው።

ድክመቱም ከዚሁ ይመነጫል። አሸዋ ከባድ ስለሆነ ጎርፍ በቀላሉ አያነሣውም። ሸክላ እርስ በርሱ ስለሚያያዝ ይቋቋማል። ደለል ግን ክብደትም ማጣበቂያም የለውም። የሚያያይዘው የሣሩ ሥርና ከሥሩ የተገኘው ብስባሽ ብቻ ነው። ይህን ማንም ገበሬ በቤቱ ሊፈትነው ይችላል። አንድ ጓል ካልታረሰ ሣር ሥር፣ ሌላ ጓል ከጎኑ ለብዙ ዓመት ከታረሰ ማሳ ይወሰድ። ሁለቱም በጥላ ይድረቁና በሁለት ብርጭቆ ውሃ ውስጥ ቀስ ተብለው ይቀመጡ። ከታረሰው ማሳ የመጣው ብዙ ሳይቆይ ይፈርሳል፤ ውሃውም ይደፈርሳል። ሣር የያዘው ግን ቅርጹን ጠብቆ ይቆያል። በሐምሌ ዝናብ ማሳው ላይ የሚሆነውም ይኸው ነው።

ሜዳው ሲታረስ

በአካባቢያችን አብዛኛው ዝናብ የሚጥለው ከሰኔ እስከ መስከረም ነው። ለገብስ የታረሰ መሬት በሰኔ ገና ቡቃያ አልሸፈነውም። ጠብታው ባዶውን ደለል ሲመታ ቅንጣቶቹ ይበታተኑና የላዩን ቀዳዳ ይደፍናሉ። ሲደርቅ ቅርፊት ይሆናል፤ ቡቃያውም በግድ ይወጣል። ቀጥሎ የሚጥለው ዝናብ ወደ ውስጥ መግባት ስለማይችል ሜዳውን ይዞ ወደ አፋፉ ይሮጣል። አፋፉ ላይ ሲደርስ ወደ ጅረቱ ይወረወራል፤ የወደቀበትን ሥር ይቦረቡራል፤ ከላይ ያለው ይናዳል። ቦረቦሩ ከጅረቱ ተነሥቶ ወደ ኋላ፣ ወደ ሜዳው ልብ የሚጓዘው በዚህ አኳኋን ነው።

በ1960ዎቹ መጨረሻ (እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ) በስሜን ብሔራዊ ፓርክ የሠሩት ስዊዘርላንዳዊው ሐንስ ሁርኒ እ.ኤ.አ. በ1988 ባወጡት ግምት መሠረት፣ በኢትዮጵያ ደጋ የሚታረስ መሬት በዓመት በአማካይ በሔክታር 42 ቶን አፈር ያጣል፤ የግጦሽ መሬት ግን 5 ቶን ያህል ብቻ። 42 ቶን በሔክታር ላይ ቢዘረጋ ውፍረቱ ሦስት ሚሊ ሜትር ተኩል ቢሆን ነው፤ ስለዚህ ለዓይን አይታይም። ቦረቦርን በዚሁ ሚዛን እንመዝነው። ወርዱ 3 ሜትር፣ ጥልቀቱ 2 ሜትር፣ ርዝመቱ 100 ሜትር የሆነ አንድ ቦረቦር 600 ሜትር ኩብ አፈር አጥቷል። ክብደቱ 720 ቶን ገደማ ይሆናል። ይህም አንድ ሔክታር እርሻ በአማካይ በ17 ዓመት የሚያጣው ነው።

ጉዳቱ በሄደው አፈር ብቻ አያበቃም። ቦረቦር ሜዳውን ሲሰነጥቅ በውስጡ የተጠራቀመው ውሃ ሁሉ ወደ ስንጥቁ ይንጠፈጠፋል። ሣሩ ይቀጭጫል፣ ማጌት ይጠፋል፣ ከታች ያለው ምንጭ ይደክማል። የሄደውም ደለል በተከዜ አድርጎ ወደ አትባራ ይወርዳል። በሱዳን በአትባራ ወንዝ ላይ እ.ኤ.አ. በ1964 የተሠራው የከሽም አልጊርባ ግድብ ውሃ ከመያዝ አቅሙ ከፍተኛውን ድርሻ ያጣው በደለል ነው። ለእነርሱም ሸክም፣ ለእኛም ኪሳራ ሆኗል።

የሚነሣው ተቃውሞ

እዚህ ላይ ተገቢ ጥያቄ ይነሣል። መሬት ጠቧል፤ ትዳር የያዘ ወጣት ጥማድ የሚያውልበት ቁራሽ አጥቷል፤ ታዲያ ለም የሆነው ሜዳ ለከብት ብቻ ይሁን ማለት ፍርድ ነው ወይ? ድንችና ነጭ ሽንኩርት በአንድ ወቅት የሚያስገኙት ገንዘብስ ከድርቆሽ አይበልጥምን?

ይበልጣል። ይህን አንክድም። ነገር ግን ሦስት ነገሮች ይታሰቡ። አንደኛ፣ ሣር ሜዳ በተከፈተ በመጀመሪያዎቹ ዓመታት የሚገኘው ጥሩ ምርት የአፈሩ ዓመታዊ ወለድ ሳይሆን ዋናው ገንዘብ ነው። ለዘመናት የተጠራቀመው ብስባሽ ማረሻ ሲያገላብጠው በፍጥነት ይቃጠላል፤ ናይትሮጅኑም በአንድ ጊዜ ይለቀቃል። ብስባሹ ሲያልቅ ምርቱ ይወርዳል፤ በደጋው ኩበት ለማገዶ ስለሚውልም የሚተካው የለም። ሁለተኛ፣ የተራራው እርሻ የሚታረሰው በበሬ ነው። የገብስ ገለባ ያለው ፕሮቲን ከመቶ 4 ያህል ብቻ ሲሆን ከብት የበላውን በደንብ ለመፍጨት ከመቶ 7 ያላነሰ ያስፈልገዋል። ማጌት የበዛበት ድርቆሽ ይህን ጉድለት ይሞላል። ሜዳው ሲጠፋ በሬው በግንቦት ከስቶ ይገኛል፤ ስለዚህ አንዱ ሜዳውን ሲያርስ የሌላው የተራራ ማሳ ሳይለሰልስ ይቀራል። ሦስተኛ፣ ውርጭ አለ። ደባርቅ ከባሕር ወለል 2,850 ሜትር ገደማ ከፍ ብላ የምትገኝ ናት። ከጥቅምት እስከ ጥር ሌሊት ሌሊት ቀዝቃዛው አየር ከተዳፋቱ ወርዶ የሚተኛው በዚሁ ሜዳ ላይ ስለሆነ ድንች ከሁሉ ቀድሞ እዚያ ይመታል።

ስለሆነም ክርክሩ በከብትና በሰው መካከል ተደርጎ ባይታይ እንወዳለን። በየትኛው እርከን ላይ ምን ይሁን የሚል ጥያቄ ነው። በ1997 ዓ.ም. የወጣው የገጠር መሬት አዋጅ ቁጥር 456/1997 ከ60 በመቶ በላይ ተዳፋትነት ያለው መሬት ለእርሻና ለልቅ ግጦሽ እንዳይውል ደንግጎ ነበር። መልካም ድንጋጌ ነበር፤ ሚዛኑ ግን ተዳፋትነት ስለሆነ ለጥ ያለው ደለል በዚያ ወንፊት ሾልኮ ያልፋል። ለሜዳው የሚያስፈልገው ደንብ አፈሩንና የአፋፉን ርቀት የሚመለከት፣ የአካባቢው ሕዝብ ራሱ ተስማምቶ የሚያወጣው ነው።

ምን ይደረግ?

1ኛ/ ከጅረቱ አፋፍ ጀምሮ ቢያንስ 20 ሜትር ሣሩ ሳይነካ ይቆይ። ከሁሉ ዝቅ ያለው እርከንና ከተዳፋቱ የሚወርደው ውሃ የሚያልፍበት ረባዳ ፈጽሞ አይታረሱ። ባሕር ዛፍም አይተከልባቸው፤ ከሥሩ ሣር ስለማያበቅል አፈሩን ባዶ ያስቀራል።

2ኛ/ እርሻ የግድ ከሆነ ከፍ ባለው፣ ከአፋፉ በራቀው እርከን ላይ ይሁን። መስኖው በአጭር ፈሰስ፣ በጥቂት በጥቂቱ ይሰጥ። ሜዳውን በውሃ ማጥለቅለቅ ደለሉን ይዞ መሄድ ነው። ድንች ከተነሣ በኋላ መሬቱ ባዶውን ክረምት አይግባ፤ ፍግም ይመለስለት።

3ኛ/ ሜዳው ከሰኔ እስከ መስከረም ከከብት ይከለል። እርጥብ ደለል በኮቴ ሲረገጥ ይጠቀጠቃል፤ ውሃም አያስገባም። ሣሩ ማበብ ሲጀምር ይታጨድ። ደርቆ እስኪያገዳ የቆየ ሣር ብዛት እንጂ ምግብነት የለውም።

4ኛ/ ቦረቦር በጅማሬው ይያዝ። በመጀመሪያ ከራሱ በላይ የጎርፍ መቀልበሻ ቦይ ይውጣና ውሃው ሣር ወዳለበት ረባዳ ይመራ። ቀጥሎ ቀጥ ያለው ግድግዳ ዘምበል ተደርጎ ይስተካከል፤ ከነአፈሩ የተነሣ ሰርዶም ይለበድበት። የድንጋይ ክትር ብቻውን በደለል ላይ አይበቃም፤ ውሃው በጎኑና በሥሩ ሰርስሮ ያልፋል፣ ድንጋዩም ይቀበራል።

5ኛ/ በየዓመቱ በበጋ በዘመቻ የሚሠራው የተራራ እርከን ውሃውን የት እንደሚያፈስ አስቀድሞ ይታይ። ተዳፋቱን አድነን ጎርፉን ሰብስበን ሜዳው ላይ ብንለቀው አንዱን ቁስል ፈውሰን ሌላ ከፈትን ማለት ነው። ከመኪና መንገድ ቱቦዎች የሚወርደውም ውሃ እንዲሁ መውረጃ ይበጅለት።

6ኛ/ መሬት የሌላቸው ወጣቶች ከድርቆሹ የመጀመሪያ ድርሻ ይኑራቸው። በግ አድልበው ወይም ድርቆሹን ሸጠው የሚጠቀሙ ከሆነ የሜዳው ጠባቂዎች ይሆናሉ። ጥቅም የሌለው ሰው ጠብቅ ቢባል አይጠብቅም።

ከእነዚህ ሁሉ ከባዱ ስድስተኛው እንደሆነ እናውቃለን። አምስቱ በዶማና በአካፋ የሚፈጸሙ ናቸው፤ ይህ ግን ከብት ያለውና የሌለው በአንድ ዛፍ ሥር ተቀምጠው ካልተስማሙ አይሆንም። ስምምነቱ ሜዳው ሳይሰነጠቅ በፊት ቢደረግ ይመረጣል። ከተሰነጠቀ በኋላ የሚካፈሉት ነገር አይኖርምና። የደባርቅ፣ የዳባትና የወገራ ገበሬዎች በየጎጣችሁ ያለውን የወንዝ ዳር ሜዳ ከመጪው ሰኔ በፊት ዙሩት፤ የቦረቦሩን ራስ ፈልጉ፤ በእንጨት ችካልም ምልክት አድርጉበት። በጥቅምት ተመልሳችሁ ስትለኩት ወዴትና ምን ያህል እንደተጓዘ ሜዳው ራሱ ይነግራችኋል።