ቀለሙ ለዕንቁጣጣሽ አይድረስ



እንደሚታወቀው በእንጅባራ ነሐሴ ሲጋመስ ሁሉም ሰው የቤቱን ግድግዳ መገላመጥ ይጀምራል። ክረምቱ ያጠቆረውን፣ ቀይ ጭቃ የተረጨበትን ግድግዳ ይዞ አዲስ ዓመት መቀበል የሚወድ የለም። ስለዚህ በጳጉሜን ዝናቡ ጋብ ባለ ቁጥር ብሩሹ ይነሣል። ልማዱ ደስ ይላል፤ እኛም ወደነው ኖረናል። ነገር ግን ለውጭ ግድግዳ ከዚህ የከፋ ጊዜ የለም።

ይህንን የምንለው ከራሳችን ጥፋት ተነሥተን ነው። አምና የዕድራችንን ቤት የመንገድ ዳር ግድግዳ በጳጉሜን አስቀባን። ለዕንቁጣጣሽ አማረ፤ ለመስቀልም አላሳፈረንም። ጥቅምት ላይ እዚህም እዚያም አበጥ አበጥ ማለት ጀመረ። ኅዳር ሲገባ በጥፍር ሲነኩት እንደ ሽንኩርት ይላጥ ነበር፤ ከሥሩ ሻጋታ! ቀለም ሻጩን አማነው፣ ቀቢውንም ወቀስነው። ኋላ ረጋ ብለን ስናስበው ግን በእርጥብ ግድግዳ ላይ ቀቡ ያልነው እኛው ነን። የጠፋውም የነዋሪው መዋጮ ነው።

ከተማችን ከባሕር ወለል በላይ ከ2500 ሜትር ከፍ ያለች ደጋ ናት። ግድግዳው ክረምቱን ሙሉ ውሃ ሲጠጣ ይከርማል። ጭቃም ይሁን ብሎኬት፣ ላዩ በአንድ ቀን ፀሐይ ቢደርቅም ውስጡ አይደርቅም። በቀለም ስንሸፍነው ውሃው መውጫ ያጣል፤ ፀሐይ ሲያሞቀው ወደ ውጭ ይገፋል፣ ቀለሙንም ይዞት ይነሣል። የድሮው ኖራ በዚህ በኩል ደግ ነበር፤ ግድግዳውን አያፍንም። የዛሬው የዘይት ቀለም ግን ያፍናል፤ የፕላስቲኩም ቢሆን እንደ ኖራው አይደለም። የሚጠራጠር ሰው አንድ ቁራጭ ፌስታል ዙሪያውን በፕላስተር ግድግዳው ላይ ለጥፎ ያሳድር። በማግሥቱ ከውስጥ በኩል ጠል ከያዘ ግድግዳው ገና ነው።

እንግዲህ መቼ ይቀባ? በእኛ አስተያየት ከኅዳር አጋማሽ እስከ ጥር አጋማሽ። ያኔም ቢሆን ብርዱን እናውቀዋለን። በውሃ የሚበጠበጥ ቀለም ከ10 ዲግሪ በታች በደንብ አይዝም፤ ስለዚህ ጤዛው እስኪረግፍ ጠብቆ ከረፋዱ 4 ሰዓት መጀመር፣ የማታው ጤዛ ሳይደርስበት እንዲደርቅ ደግሞ 9 ሰዓት ላይ ማቆም ነው። ፀሐይ የሚያቃጥለውን ጎን ትቶ ጥላውን መከተልም ይጠቅማል። አዲስ የሲሚንቶ ልስን ያለው ሰው ቢያንስ 4 ሳምንት ይታገሥ።

«ኅዳርና ታኅሣሥ አጨዳና ውቂያ ነው፣ ቀቢ ከየት ይገኛል?» የሚሉን አሉ። እውነት ነው፤ ጎረምሶቹ ያኔ ወደ ገጠር ወላጆቻቸው ዘንድ ይወጣሉ። ለጳጉሜን የለመዱት የበዓል ገንዘብም እንደሚቀርባቸው አልዘነጋንም። ለዚህ ያገኘነው መላ በጳጉሜን የውስጡን ግድግዳ እነርሱን ማስቀባት፣ የውጭውንም ከወዲሁ ተዋውሎ ቀብድ መስጠት ነው። ለዕንቁጣጣሽ የውጩን ጭቃ በውሃና በጨርቅ ማንሣት ይበቃል፤ ቄጠማው ሌላውን ይሸፍናል።

ደግሞስ ለእንግዳ ከሆነ፣ እንግዳ የሚበዛብን መቼ ነው? በ1932 ዓ.ም. የተመሠረተው የአገው ፈረሰኞች ማኅበር በዓሉን የሚያከብረው ጥር 23 ቀን ነው። በታኅሣሥ የተቀባ ቤት ለገናም፣ ለጥምቀትም፣ ለፈረሱም ቀን ይደርሳል።

የዕድሩን ቤት ዘንድሮ ፍቀን እንደገና የምናስቀባው ከኅዳር 20 በኋላ ነው። ረጅም የቀርከሃ መሰላል ያላችሁ ለሦስት ቀን አውሱን፤ አምና የተዋስነውን ያልመለስንላችሁም ካላችሁ መጥታችሁ ውሰዱ፣ ከዕድሩ ቤት ጓሮ ቆሟል።