ወተት ያልነካው፣ እንደ ክሬም የወፈረ የሰላጣ ማጣፈጫ

ዛሬ ወደ ቆላው እንወርዳለን። ነገሌ ቦረና፣ ያቤሎ፣ ሞያሌና ፊልቱ ያላችሁ ወገኖቻችን ርዕሱን ስታዩ ፈገግ ሳትሉ አትቀሩም። ወተት ክብር በሆነበት፣ ኢቲቱ በታጠነ ጎርፋ በሚቀመጥበት አገር «ወተት የሌለበት» ማለት ምን ይባላል? ሆኖም ጉዳዩ ከሰላጣ ሳህን አልፎ የባልና የሚስትን ሰላም የሚነካበት ጊዜ አለ።

ከደጋ ወደ ነገሌ ያገባች አንዲት እህት እናስብ። የባሏ እናት በደስታ የሚያቀርቡላትን ወተት አንድ ኩባያ እንደጠጣች ሆዷ ይነፋል፣ ይጮኻል፣ ማታውን ስትሠቃይ ታድራለች። ሁለተኛ ሲቀርብላት «ይቅርብኝ» ትላለች። አማቷ «ቤታችንን ናቀች» ብለው ያዝናሉ፤ ባልየውም «ለእናቴ ስትይ ብትቀምሺው ምን ነበረበት?» ይላል። ቤት ውስጥ ሰላጣ ስትሠራም እርጎ ካልገባበት አይጥመውም። ነገሩ ከዚህ ተነሥቶ ሌላ መልክ ይይዛል።

እዚህ ላይ ማንም አላጠፋም። ወተት ውስጥ ላክቶስ የሚባል ስኳር አለ። ይህን የሚፈጨው ላክቴዝ የተባለ ንጥረ ነገር በሕፃንነት በሁላችንም አንጀት ይገኛል፤ ካደግን በኋላ ግን በብዙ ሰው ላይ እየቀነሰ ይሄዳል። ከብትና ግመል እያረቡ ለብዙ ትውልድ በወተት የኖሩ ሕዝቦች ዘንድ ደግሞ እስከ እርጅና ሳይቀንስ የሚቆይላቸው ብዙዎች ናቸው። ስለዚህ እርሱ ወተት ጠጥቶ ሲረካ፣ እርሷ ጠጥታ ስትታመም ሁለቱም እውነታቸውን ነው። እንዲህ ላለው ሆድ የረጋና የተብላላ ወተት ከጥሬው ይሻላል፤ ላክቶሱ በከፊል ተበልቷልና። ንጥር ቅቤም ብዙ ጊዜ አያስቸግርም።

የወተት አለርጂ ግን ሌላ ነገር ነው። በተለይ ሕፃናት ላይ ወተት ከቀመሱ በኋላ ሰውነት ሽፍ የሚል፣ ከንፈር የሚያብጥ፣ ትንፋሽ የሚያጥር ከሆነ ኢቲቱም ቅቤም አይቀመስም፤ ሳይዘገይ ወደ ጤና ተቋም ይኬዳል።

ደግሞም ወተት ራሱ የሚጠፋበት ዘመን መጥቶ አይተናል። ከ2013 እስከ 2015 ዓ.ም. በቦረናና በአካባቢው ቆላዎች አምስት የዝናብ ወቅቶች በተከታታይ ሳይሳኩ ቀርተው ከብቱ አለቀ፤ በወተቱ የሚኖረው ቤተሰብም ባዶ ጎርፋ ታቅፎ ቀረ። ያኔ ስለ ሰላጣ ያሰበ ሰው የለም። ዛሬም ቢሆን በረጅሙ የበጋ ወራት ለልጅ የሚበቃ ወተት ብቻ ባለበት ቤት፣ ያንኑ ሰላጣ ላይ ማፍሰስ የሚከብዳት እናት ትክክል ናት።

መቼም «ድሬሲንግ» የሚባለው ከሆቴል የመጣ ይመስለናል። የአገራችን ጓዳ ግን ስልጆን ከጥንት ጀምሮ ያውቃል። የባቄላ ዱቄት በሱፍ ውኃ እየተማሰለ ይበስላል፣ ሰናፍጭ ይገባበታል፣ ለጥቂት ቀናት ይብላላል፤ ነጣ ያለ፣ የወፈረ፣ ኮምጠጥ ያለ ማባያ ይሆናል። የጾመኛ ጎረቤቶቻችን እናቶች ያቆዩልን ሙያ ነው፤ ምስጋናውም ለእነርሱ ነው። እኛ ከዚሁ ተነሥተን ሳይብላላ በዚያው ቀን የሚደርስ እንሥራ።

አንድ የሻይ ብርጭቆ ሱፍ ለቅማችሁ እጠቡና ሩብ ሰዓት ያህል ቀቅሉት። (የአገሩም ሱፍ፣ የፈረንጅ ሱፍ የሚባለውም ይሆናል።) የተቀቀለበትን ውኃ ደፍታችሁ በሙቀጫ ውቀጡት ወይም በብሌንደር ፍጩት። አንድ ብርጭቆ ተኩል ንጹሕ ውኃ ጨምራችሁ በንጹሕ ነጠላ ጨርቅ አጥልሉ። የሚወጣው ወተት የሚመስል ፈሳሽ ለፍትፍት እንጂ ለሰላጣ ይቀጥናል። ስለዚህ በርበሬ ያልገባበት ነጭ ሽሮ ሁለት የሾርባ ማንኪያ በትንሽ ቀዝቃዛ ሱፍ በጥብጡና ከቀረው ጋር ቀላቅላችሁ በለስላሳ እሳት አማስሉ። ማንኪያው ጀርባ ላይ ሲጣበቅ አውጡት። ከቀዘቀዘ በኋላ የአንድ ትልቅ ሎሚ ጭማቂ፣ ጨው፣ የተወቀጠ ነጭ ሽንኩርትና አንድ ማንኪያ ዘይት ይገባበታል። ሎሚውን እሳት ላይ እያለ አትጨምሩ፤ መዓዛው ይጠፋል።

ሰናፍጭ የምትወዱ፣ አንድ የሻይ ማንኪያ ዱቄት በቀዝቃዛ ውኃ ለውሳችሁ አሥር ደቂቃ አቆዩና መጨረሻ ላይ ጨምሩት። አፍንጫ የሚሰነፍጠው ኃይሉ የሚወጣው ዱቄቱ ውኃ ሲያገኝ ነው። የፈላ ውኃ ወይም አቼቶ ቀድሞ ከነካው ግን ኃይሉ ይሞትና ምሬቱ ብቻ ይቀራል።

ለቆላ ቤት እኔ የምመርጠው ግን ሰሊጥ ነው። ግማሽ ብርጭቆ ሰሊጥ ታጥቦ ከደረቀ በኋላ ምጣድ ላይ ሞቅ ይደረጋል፤ መዓዛው ሲወጣና ፍሬው ሲፈናጠር በቃ ነው፣ ከጠቆረ ይመርራል። እንደሞቀ ይወቀጣል፤ ዘይቱ ወጥቶ እንደ ሊጥ እስኪያያዝ ድረስ ጉልበት ይፈልጋል። (ወንድሞች፣ ሙቀጫው የእናንተንም ክንድ አይጠላም።) ከዚያ የሁለት ሎሚ ጭማቂ ይገባበታል። ወዲያው ድርቅ ብሎ ይጓጉላል፤ ተበላሸ ብላችሁ እንዳትጥሉት! መጀመሪያ የገባው ጥቂት ፈሳሽ ዘይት ውስጥ ያሉትን ቅንጣቶች እያጣበቃቸው ነው። ውኃ በማንኪያ በማንኪያ እየጨመራችሁ ስትመቱት ድንገት ይለሰልሳል፣ ይነጣል፣ እንደ ክሬም ይሆናል። ጨውና ነጭ ሽንኩርት በልኩ ይጨመርበታል። ሰሊጥም ሆነ ሰናፍጭ አለርጂ የሚሆንባቸው ሰዎች መኖራቸውን ግን አትርሱ፤ ለልጅ በጥቂቱ አስጀምሩ።

ሰሊጥን የመረጥኩበት ምክንያት ሙቀቱ ነው። የገናሌ ዳዋ 3 ግድብ 254 ሜጋ ዋት የሚያመነጭ ሆኖ በ2012 ዓ.ም. ቢመረቅም፣ ማቀዝቀዣ ያለው ቤት ስንት ነው? የሱፉ ማጣፈጫ እንደ ወጥ ነው፤ ያለ ማቀዝቀዣ በተሠራበት ቀን ይበላ፣ ማቀዝቀዣ ውስጥም ከሁለት ሦስት ቀን በላይ አይቆይ። የተወቀጠው ሰሊጥ ግን ሎሚና ውኃ ሳይነካው በደረቀና በተከደነ ብልቃጥ ለሳምንታት ይቀመጣል። ለአንድ ማዕድ የሚበቃውን ብቻ እያወጣችሁ ትበጠብጣላችሁ።

ከሲዳማና ከጌዴኦ የሚመጣው አቮካዶ ገበያ ላይ ሲገኝ ሥራው ቀላል ነው፤ በሹካ ደቁሶ ሎሚ፣ ጨውና ቃሪያ መጨመር ብቻ። ወዲያው ካልተበላ ግን ይጠቁራል።

ሰላጣ ቅጠል በነገሌ ፀሐይ ቶሎ ይጠወልጋል። ጥቅል ጎመንና ካሮት ይሻላል፤ የተቀቀለ ድንችና ቀይ ስርማ ይህን ማጣፈጫ በደንብ ይሸከሙታል። ውኃው በማያስተማምንበት ጊዜ ደግሞ ጥሬውን ጨርሶ መተው ነው። በነሐሴ 2014 ዓ.ም. በባሌ ሐረና ቡሉቅ የተነሣው ኮሌራ ወደ ጉጂም ተዛምቶ ነበር። አቼቶ ውስጥ መንከር ብቻውን አይበቃም። እንዲህ ባለ ወቅት የተቀቀለ አትክልት በትኩሱ ይቅረብ፤ ለማጣፈጫውም ፈልቶ የቀዘቀዘ ውኃ ተጠቀሙ።

ወደዚያች እህት እንመለስና፣ ለአማቷ መናገር ያለበት ባልየው ይመስለኛል። እናቱን በቋንቋቸው «እማ፣ ሆዷ አይችለውም እንጂ የእጅሽን አልናቀችም» ቢላቸው ከእርሷ አሥር ይቅርታ ይበልጣል። እርሷም ባዶ እጇን አትቅረብ፤ ሻይዋን ያለ ወተት ከእርሳቸው ጋር ትጠጣ፣ የሰሊጡንም ሳህን ይዛላቸው ትሂድ።

የሰሊጡና የሱፉ ማጣፈጫ ዓሣ፣ እንቁላልና ቅቤ ስለሌለበት በጾም ወቅት ለሚመጣ ኦርቶዶክሳዊ ዘመድ ያለ ሥጋት ይቀርባል። ከሱቅ የሚገዛውን ማዮኔዝ ግን ለእንዲህ ያለው እንግዳ አታቅርቡ፤ ብዙውን ጊዜ ወተት ባይኖርበትም የሚሠራው በእንቁላል ነው።