ኦሊምፒክና የተዳቀለው የውርርድ ስልት

የአውሮፓ ሊጎች ሲዘጉ የቤቲንግ ቤት ደንበኛ ግራ ይገባዋል። በወዳጅነት ጨዋታ መወራረድ፣ አሰልጣኙ እንኳ ማንን እንደሚያሰልፍ ባልወሰነበት ነገር ላይ ገንዘብ መጣል ነው። በአራት ዓመት አንዴ ግን ይህን ክፍተት ኦሊምፒክ ይሞላዋል። እ.ኤ.አ. በ2024 የተካሄደው የፓሪሱ ኦሊምፒክ 32 የስፖርት ዓይነቶችና 329 የሜዳሊያ ፉክክሮች ነበሩት። ጠዋት ጠረጴዛ ቴኒስ፣ ከሰዓት ጁዶ፣ ማታ አትሌቲክስ። ለሚወራረድ ሰው ድግስ ነው፤ ሒሳቡን የሚከፍለው ማን እንደሆነ ግን ብዙ ጊዜ አይጠየቅም።

በእንዲህ ያለው ሰሞን ከአፍ አፍ የሚዞር ምክር አለ፤ አንድ ስልት አይበቃም፣ አዳቅል የሚል። ከእግር ኳሱም፣ ከሩጫውም፣ ከዋናውም ምረጥ፤ አንዱ ቢያስበላህ ሌላው ያነሳሃል። ምርጫዎችህን ደርድረህ ሁሉም እንዲመጡ አትጠብቅ፣ ሲስተም ቁረጥ። ሲስተሙ ካልበላ በማግስቱ መደቡን እጥፍ አድርግ፤ አንድ ቀን ሲመጣልህ የወጣው ሁሉ ይመለሳል። ሲሰሙት ብልህነት ይመስላል። እኔ ቁማር ኃጢአት ነው ብዬ ለመስበክ አልተነሳሁም፤ ለዚያ ከእኔ የተሻሉ ሰዎች አሉ። እስክሪብቶና ወረቀት ይዘን ምክሩን እንደ ቃሉ እናስላው ነው የምለው።

ከኦዱ፣ ማለትም ምርጫው ሲመጣ መደቡ ከሚባዛበት ቁጥር፣ እንነሳ። አቅማቸው እኩል የሆነ ሁለት ተፋላሚዎች ቢገናኙ ትክክለኛው ኦድ 2.00 ነው። አወራራጁ ግን ለሁለቱም 1.90 ይሰጣል እንበል። ተወራራጁ 100 ብር ባስያዘ ቁጥር በአማካይ 95 ብር ይመለስለታል፤ 5ቱ ብር የቤቱ ናት። ትንሽ ትመስላለች። ምርጫዎች በአንድ ቲኬት ሲደረደሩ ግን ኦዱ እርስ በርሱ ይባዛል፣ የቤቱም ድርሻ አብሮ ያድጋል። እንዲህ ያሉ አስር ምርጫዎችን የደረደረ ሰው ሁሉም ቢመጡለት በትክክለኛው ሒሳብ የመደቡን 1,024 እጥፍ ማግኘት ነበረበት። የሚከፈለው 613 እጥፍ ገደማ ነው። በአማካይ ሲታሰብ ከ100 ብሩ የሚመለስለት 60 ብር አካባቢ ይሆናል ማለት ነው። ቲኬቱ ላይ 613ን ያየ ዓይን 1,024ን አይፈልግም፤ ንግዱም የቆመው እዚያ ላይ ነው። ተፋላሚው ሁለት ሳይሆን እንደ ማራቶን ሰማንያ ሲሆን ደግሞ የቤቱ ድርሻ አብዛኛውን ጊዜ ከዚህም ይሰፋል።

ሲስተም የሚባለው ቲኬት ለዚህ መድኃኒት ሆኖ ይቀርባል። እንግሊዞች ያንኪ የሚሉትን ብንወስድ፣ አራት ምርጫዎች በውስጡ አስራ አንድ ውርርድ ይሆናሉ፤ ስድስት ባለሁለት፣ አራት ባለሦስት፣ አንድ ባለአራት። በእያንዳንዱ 10 ብር ቢመደብ ቲኬቱ 110 ብር ያወጣል። ኦዱ 1.90 በሆነበት ከአራቱ ሁለት ቢመጡ ተከፋዩ 36 ብር ነው። ሦስት ቢመጡ 177 ብር ገደማ፣ አራቱም ቢመጡ 621 ብር። ሁለት መጥተውለት 36 ብር የተቀበለ ሰው «በላሁ» ብሎ ይወጣል፤ በእርግጥ 74 ብር ከስሯል። ፉክክሮቹ እኩል ከሆኑ ከ16 ዕድል በ11ዱ ቲኬቱ ኪሳራ ነው። ማጽናኛ ሽልማት ያለው ኪሳራ መሆኑ ብቻ ነው ልዩነቱ።

አሁን በዚህ ላይ ሁለተኛውን ስልት፣ ማርቲንጌል የሚባለውን የማጠፍ ዘዴ እንደርብበት። ምክሩ የሚበላሸው እዚህ ላይ ይመስለኛል፤ ሁለቱ ስልቶች እየተረዳዱ ሳይሆን እየተጠላለፉ ነው የሚሄዱት። ማጠፍ የተፈለሰፈው ግማሽ በግማሽ ለሆነ፣ ሲመጣ እጥፍ ለሚከፍል ነገር ነው። በሳንቲም ውርወራ ስድስት ጊዜ በተከታታይ መሸነፍ ከ64 አንዴ የሚገጥም ነው። የእኛ ቲኬት ግን ከ16 በ11ዱ ስለሚከስር፣ ስድስት ተከታታይ ኪሳራ ከአስር ሙከራ በአንዱ ገደማ ይመጣል። 110፣ 220፣ 440፣ 880፣ 1,760፣ 3,520፤ ሲደመር 6,930 ብር። ኦሊምፒኩ ሁለት ሳምንት ተኩል እንኳ አይሞላም፤ ስድስት ቀን ሩቅ አይደለም።

ከዚህ የባሰው ቲኬቱ ሲመጣ ነው። ተወራራጁ ሁለት ቀን ተበልቶ በሦስተኛው ቀን ሦስት ምርጫ መጣለት እንበል። እስከዚያ ቀን ያወጣው 770 ብር ነው፤ የሚከፈለው 708 ብር ገደማ። አሸንፎም 62 ብር ጎድሎበታል። በአራተኛው ቀን ቢሆን 1,650 ብር አውጥቶ 1,415 ብር ይቀበላል። ሦስት ከአራት መገመት እኮ ጥሩ ግምት ነው! ቢሆንም የተዳቀለው ስልት አሸናፊውን ያከስረዋል። ግብሩም አለ፤ በ2008 ዓ.ም. የወጣው የገቢ ግብር አዋጅ ቁጥር 979 ከዕድል ጨዋታ በተገኘ፣ ከ1,000 ብር በላይ በሆነ ገቢ ላይ 15 በመቶ ጥሎ ነበር፤ በጨዋታው የደረሰ ኪሳራ ደግሞ አይቀነስም። ትናንት የተበላው ለግብር ሰብሳቢው እንዳልነበረ ነው።

«እሺ፣ ሒሳቡ እንደዚያ ይሁን፤ እኛ ግን ሩጫ እናውቃለን» የሚለኝ አይጠፋም። ይህኛው ክርክር ይከብደኛል፤ ምክንያቱም እውነት አለበት። ከጁዶውና ከጠረጴዛ ቴኒሱ ይልቅ ስለ አስር ሺህ ሜትር የአዲስ አበባ ሰው የሚያውቀው ይበልጣል። ፓሪስን ግን እናስታውስ። በወንዶች ማራቶን በዚያው ዓመት ቦስተንን ያሸነፈው ሲሳይ ለማ ነበር የተመረጠው፤ በጉዳት ወጣና ተጠባባቂው ታምራት ቶላ ገባ። ታምራት በ2:06:26 የኦሊምፒክ ክብረ ወሰን ሰብሮ ወርቁን አመጣ። ቀደም ብሎ በሲሳይ ላይ ያስያዘ ሰው፣ ብዙዎቹ አወራራጆች በቅድመ ውርርድ ያልሮጠውን እንደተሸነፈ ስለሚቆጥሩት፣ ኢትዮጵያ ወርቅ ባገኘችበት ማራቶን ተበልቷል። በ3,000 ሜትር መሰናክል የዓለም ክብረ ወሰን ባለቤቱ ለሜቻ ግርማ በመጨረሻው ዙር ወደቀ። በአስር ሺህ ሜትር በሪሁ አረጋዊ የብር ሜዳሊያውን ያገኘው ከሦስተኛው በሁለት መቶኛ ሰከንድ ቀድሞ ነው፤ «ሁለተኛ ይወጣል» ያለና «ሦስተኛ ይወጣል» ያለ ሰው በዓይን የማይለይ ነገር ነው የለያቸው። በ1,500 ሜትር የቶኪዮው ሻምፒዮን ኢንገብሪግትሰን ሲመራ ቆይቶ አራተኛ ሆነ።

በዚያ ላይ ባንዲራው አለ። የሀገር ልጅ ሲሮጥ ኦዱን የሚመዝነው አእምሮ ሥራ ያቆማል። አወራራጁም ይህን ያውቃል፤ ሕዝቡ በሚወደው ሯጭ ላይ ኦዱን ዝቅ ማድረግ የቆየ ልማድ ነው። ስለዚህ ያችኑ የምናውቃትን ስፖርት ከሌላው ሰው በውድ ነው የምንገዛት።

ከብዙ ስፖርት መምረጥ አደጋውን ይበትናል የሚለውም ግማሽ እውነት ነው። መውጣትና መውረዱን ያለዝበው ይሆናል፤ የቤቱን ድርሻ ግን አይነካትም። ደግሞ የማናውቀው ስፖርት የራሱ ጉድ አለው። እ.ኤ.አ. በ2012 በለንደን፣ በሴቶች ባድሚንተን ጥንድ ውድድር፣ ስምንት ተጫዋቾች ሆን ብለው ለመሸነፍ ሲታገሉ ተገኝተው ተባረሩ። ምክንያቱ የምድቡ አሠራር ነበር፤ ተሸንፎ ማለፍ በቀጣዩ ዙር ቀለል ያለ ተጋጣሚ ያመጣል። ከቻይና፣ ከደቡብ ኮሪያና ከኢንዶኔዥያ የመጡ ጥንዶች ነበሩ። ያለፉትን ውጤቶች እያገላበጠ «ጠንካራው ያሸንፋል» ብሎ ቲኬት የቆረጠ ሰው ይህን ከየት አምጥቶ ይገምት?

ለፍትሕ ያህል፣ በሒሳብ የተረጋገጠ አንድ ስልት እንዳለ ልናገር። እ.ኤ.አ. በ1956 በቤል ላቦራቶሪ ይሠራ የነበረው ጆን ኬሊ ከካፒታል ምን ያህሉን መመደብ እንደሚገባ የሚያሰላ ቀመር አወጣ። ስልቶችን የሚያዳቅሉት ሰዎች ይህንንም ይጨምሩበታል፣ ስሙ ምሁራዊ ክብር ስለሚሰጥ። ቀመሩ ግን የሚጀምረው ተወራራጁ ከኦዱ የተሻለ ግምት አለው ወይ ብሎ ነው። እኩል ፉክክር ላይ 1.90 ሲቀርብለት የሚያወጣው መልስ ከዜሮ በታች ነው፤ አትወራረድ ማለት ነው። ይህን መልስ ተቀብሎ ከማርቲንጌል ጋር ማዳቀል የሚቻል አይመስለኝም፤ አንዱ ሲበላህ እጠፍ ይላል፣ ሌላው ከመነሻው አትግባ ይላል።

የሎስ አንጀለሱ ኦሊምፒክ በ2020 ዓ.ም. ሐምሌ ይጀመራል፤ እስከዚያ በየስልኩ ብዙ «የማይበላ» ስልት ይሸጣል። ሻጩን አንድ ነገር ጠይቁት፤ የበላበትን ቲኬት ብቻ ሳይሆን የተበላበትን ሁሉ፣ ከነቀኑና ከነመደቡ፣ ደምሮ ያሳያችሁ። ካላሳየ ገንዘባችሁን ኪሳችሁ ውስጥ አቆዩት፤ ሩጫውን በነፃ እዩ።