የዕጣኑን ዛፍ ያላየ ከተማ

የዕጣን ዛፍ ቅርፊቱ ሲላጥና ሲቆስል ስለሚደርስበት ጉዳት በተነሳ ቁጥር ቀድሞ የሚቀርበው ምክንያት «የኅብረተሰቡ ግንዛቤ ማነስ» ነው። ኅብረተሰብ ሲባልም የሚታሰበው ዛፉ ሥር የሚኖረው ገበሬና ቅርፊቱን የሚፍቀው ሠራተኛ ነው። ይህ አባባል ስሕተት ብቻ ሳይሆን በደልም አለበት። ስለ ዛፉ ቁስል የማያውቀው ቆላ የወረደው ሠራተኛ አይደለም፤ አዲስ አበባ፣ አራዳ ጊዮርጊስ አካባቢ ጧፍና ዕጣን የሚገዛው፣ ፒያሳ መንገድ ዳር ቡናውን ሲጠጣ ጭሱን የሚያሸተው የከተማ ሰው ነው።

ዕጣን የቁስል ውጤት ነው። በመተማና በትግራይ ቆላዎች የዕጣን ዛፍ ግንድ በበጋ ወራት በትንሹ ይፋቃል፤ ዛፉ ቁስሉን ሊሸፍን የሚያወጣው ሙጫ ሲደርቅ ይለቀማል፤ ሁለት ሦስት ሳምንት ሳይሞላ ያው ቁስል እንደገና ይከፈታል፣ እየሰፋም ይሄዳል። ዛፉ ለዘሩ ሊያውለው የሚችለውን ስንቅ ለቁስሉ ይጨርሳል። በኤርትራ ዛፎች ላይ ተደርጎ እ.ኤ.አ. በ2006 የወጣ ጥናት፣ ካልተፋቁ ዛፎች ዘር ከመቶ ከ80 በላይ ሲበቅል ክፉኛ ከተፋቁት ግን 16 ገደማ ብቻ እንደበቀለ አሳይቷል። እ.ኤ.አ. በ2019 የታተመ ሌላ ሰፊ ጥናት ደግሞ ከተጠኑት ሥፍራዎች ከሦስት አራተኛ በላይ በሚሆኑት ወጣት ዛፍ አለመኖሩን ገልጾ፣ ምርቱ በ20 ዓመት ውስጥ በግማሽ እንደሚቀንስ ተንብዮአል።

ፋቂው ይህን ከማንም በፊት ያያል። ቀጭን ግንድ ብዙ ቁስል እንደማይችል፣ የደከመ ዛፍ ማረፍ እንዳለበት ያውቃል። ግን ለአንድ ወቅት ከሩቅ የመጣ፣ ገቢውም በለቀመው ልክ የሆነ ሰው ነው። መሬቱ የመንግሥት ነው፤ ደኑን ለምርት የያዘው ድርጅትም የያዘው ለተወሰነ ጊዜ ነው። ዛፉን ቢያሳርፈው ኪሳራው የእርሱ፣ ጥቅሙ ከእርሱ በኋላ የሚመጣ ሰው ይሆናል። እንዲህ ያለውን ሰው አዳራሽ ሰብስቦ የሚያውቀውን መልሶ ማስተማር ችግሩን ከሥሩ ማየት አይደለም።

ያልተነካ ደንም ቢሆን ወጣት ዛፍ እያጣ ነው፤ ጥፋቱ የከብት ግጦሽ፣ የሰደድ እሳትና ግንድ የሚቦረቡር ጥንዚዛ ነው የሚል መከራከሪያ አለ። እውነትነት አለው፤ ፋቂውን ብቻ መውቀስ ተገቢ የማይሆንበት አንዱ ምክንያትም ይኸው ነው። ነገር ግን ችግኙ በከብት እየተበላ ከሆነ የቀሩት አሮጌ ዛፎች የመጨረሻዎቹ ዘር ሰጪዎች ናቸው ማለት ነው፤ እነርሱን ያለ ዕረፍት ማድማት ይብሳል እንጂ አይቀልም።

ታዲያ ዕጣን ማጠን ይቅር? አይደለም። ገዢ ያጣ የዕጣን ደን ነገ ለሰሊጥ እርሻ ይመነጠራል፤ መተማ ላይ ይህ ሲሆን ታይቷል። የሚያስፈልገው የሚጠይቅ ገዢ ነው። የአዲስ አበባ ዋና ገበያ እዚያው አራዳ ጊዮርጊስ ሥር በነበረበት ዘመን ገዢው ዕቃው ከየት መጣ ብሎ ሲራራ ነጋዴውን መጠየቅ ይችል ነበር፤ ዛሬ ዕጣን የሚመረጠው በንጣቱና በፍሬው ትልቀት ብቻ ነው። በቅጥሯ ውስጥ ያለውን ደን ለዘመናት ጠብቃ ያቆየችው ቤተ ክርስቲያን በየቀኑ በጽናዋ የምታጥነው ዕጣን የወጣበት ዛፍ ማረፍ አለማረፉን ብትጠይቅ፣ ጥያቄው ከማንኛውም ስብከት በላይ ቆላ ድረስ ይሰማል። ከረጢቱ ላይ የመጣበት ወረዳና ዛፎቹ ያረፉበት ዓመት ይጻፍ፤ ላሳረፈ አምራችም የተሻለ ዋጋ ይከፈል።

ዋጋው ይወደዳል የሚለኝ ይኖራል። አዎ፣ ይወደዳል። ነገር ግን ለአንድ ቡና ፍም ላይ የምትጣለው ዕጣን ቁንጥር ናት፤ የእርሷ ዋጋ ትንሽ ቢጨምር ከቡናው አጠገብ ያለው ፈንዲሻ እንኳ አይቀርም።