ቀይ ጤፍ፣ ደም ማነስና የአማካሪዋ ምስክርነት

በጤና ጣቢያ የሥነ ምግብ አማካሪ ሆኜ በሠራሁባቸው ዓመታት ለነፍሰ ጡር እናቶች ቀይ ጤፍን አብዝቼ አወድስ ነበር። እምነቴ የመነጨው ከራሴ ታሪክ ነው፤ በተማሪነቴ የደም ማነስ ተገኝቶብኝ፣ የታዘዘልኝ የብረት እንክብል ሆዴን ቢያውከኝ አቋርጬው በቀይ ጤፍ እንጀራ፣ በጎመንና በምስር ተሻለኝ። አንዲት እናት ግን እንክብሉን መተዋን ነግራኝ፣ «አንቺስ በጤፍ አይደል የዳንሽው?» ስትለኝ ደነገጥሁ።

በዚያው ሰሞን ምግብ እንደበላሁ ቡና መጠጣቴንም ትቼ ነበር፤ ይህን ለማንም አልተናገርሁም። በቡናና በሻይ ያሉት ፖሊፌኖሎች ሰውነት ከእህል ብረት እንዳይወስድ ያግዳሉ። የትኛው እንደጠቀመኝ ዛሬም መለየት አይቻለኝም።

በጤፍ ላይ ከሚለካው ከፍተኛ የብረት መጠን ከፊሉ በውቂያ ጊዜ ከአውድማው አፈር የሚቀላቀል ነው፤ ሰውነት ከዚህ የሚያገኘው ጥቂት ነው። የእህሉ ፋይቴትም ብረቱን አስሮ ይይዘዋል። ሊጡ በእርሾ በሚገባ ሲቦካ ፋይቴቱ ይቀንሳል፤ ታዲያ በችኮላ የሚጋገር እንጀራ በከተማችን ብርቅ አይደለም።

የዓለም ጤና ድርጅት ነፍሰ ጡሮች በየቀኑ ከ30 እስከ 60 ሚሊ ግራም ብረት በተጨማሪነት እንዲወስዱ ይመክራል። በእኔ እምነት አማካሪ የግል ፈውሱን በዚህ ምትክ ማቅረብ የለበትም። ይልቁንም ሊጡ ስንት ቀን እንደሚቦካ፣ ቡናው ከምግብ በኋላ መቼ እንደሚጠጣ፣ እንክብሉ ለምን እንደተቋረጠ ይጠይቅ። የመመረቂያ ጥናቶቻችንም በእህሉ ያለውን ብረት ከመለካት አልፈው ወደ ደም የሚገባውን ይመርምሩ።