የናፈቀን ጌሙ ነው ወይስ ጓደኛው?

ሰሞኑን ጊንጪ ከአብሮ አደጌ ጋር የድሮውን ፔስ 6 ከፍተን፣ በአድሪያኖ ምክንያት "ኢንተርን እኔ ልያዝ" እያልን ስንጨቃጨቅ አመሸን። እንደዚያ ከሳቅኩ ቆይቻለሁ።

ልጅ እያለን ፕሌይስቴሽን ቤት ሳንቲም አዋጥተን፣ ወረፋ ጠብቀን ነበር የምንጫወተው። ሰዓት ሲያልቅ ባለቤቱ "ተነሱ!" ይለናል። ዛሬ ስልክ ላይ ብቻችንን ስናፈጥ "ተነሱ" የሚለን የለም፤ ሳንተኛ ይነጋል።

የዓለም ጤና ድርጅት በ2019 እ.ኤ.አ. በጸደቀው የበሽታዎች ምደባው የጌም ሱስን አካቷል። ማቆም ካቃታችሁ፣ ሥራና ትምህርት እየተበደለም ከቀጠላችሁ፣ ባለሙያ አማክሩ። ትዝታ ግን በሽታ አይደለም።

ምክሬ፦ የድሮ ጓደኛችሁን ደውላችሁ ጥሩ፣ ሰዓት ቁረጡ፣ አብራችሁ ተጫወቱ። "ተነስ!" የሚል ሰው አጠገባችሁ ይኑር።